የባለሙያ ፍልሰት ሕግ ሲለወጥ ወደ ቋሚ መኖሪያ ፈቃድ የሚወስዱ ሌሎች መንገዶች፦ ከባሕር ዳር ለሚያመለክቱ የተዘጋጀ የአሠራር መመሪያ

በፌብሩዋሪ 2020 አይኤልትስ የሚባለውን የእንግሊዝኛ ቋንቋ ፈተና ለመውሰድ ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ ስሄድ የያዝሁት መንገድ አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም ኤክስፕረስ ኢንትሪ የሚባለው የካናዳ የባለሙያዎች ምርጫ ነው። በ31 ዓመቴ የማስተርስ ዲግሪዬ፣ የሥራ ልምዴና የፈተናው ውጤት ተደምረው 461 ነጥብ ሰጡኝ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር 23 ቀን በተደረገው የግብዣ ዙር መቁረጫው፣ ማለትም ለመጋበዝ የሚያስፈልገው ዝቅተኛ ነጥብ፣ 468 ስለነበር በ7 ነጥብ ቀረሁ፤ ለሚቀጥለው ዙር እደርሳለሁ ብዬም ተቀመጥሁ። ከዚያ በኋላ ግን ካናዳ በፌዴራል የባለሙያዎች መርሐ ግብር ከውጭ የሚያመለክቱ ሰዎችን መጋበዝ ለአንድ ዓመት ተኩል ያህል አቆመች። ግብዣው ጁላይ 6 ቀን 2022 እንደገና ሲጀመር መቁረጫው 557 ደርሶ ነበር፤ የእኔ የቋንቋ ውጤትም ሁለት ዓመቱ ሞልቶ ከአምስት ወር በፊት አገልግሎቱ አብቅቶ ነበር።

ያን ጊዜ የጎዳኝ የሕጉ መለወጥ ብቻ አልነበረም። ሰነዶቼን ሁሉ ለአንድ በር ብቻ አዘጋጅቼ፣ ጊዜ የሚያልፍባቸውን አስቀድሜ፣ ጊዜ የማያልፍባቸውን አስከትዬ መያዜ የበለጠ ጎድቶኛል። ስለዚህ ይህ መመሪያ የሚያተኩረው አንድ በር ሲዘጋ የተደከመበት ሥራ በሌላው በር እንዲያገለግል ዝግጅቱን እንዴት ማሰናዳት እንደሚቻል ነው። በተለየ ሁኔታ ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ቁጥሮቹ በየጊዜው ስለሚሻሻሉ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት በየአገሩ መንግሥት ይፋዊ ገጽ ላይ አመሳክሩልኝ፤ ይህን አደራ እላለሁ።

አንደኛ እርምጃ፦ የተለወጠው ነገር ምን ዓይነት እንደሆነ ይለዩ

«ሕጉ ተለወጠ» የሚል ወሬ ሲሰማ ብዙ ሰው ወይ ተስፋ ይቆርጣል፣ ወይ እንዳልሰማ ሆኖ ይቀጥላል። ሁለቱም የሚመጡት የለውጡን ዓይነት ካለመለየት ነው። የመጀመሪያው ዓይነት ለውጥ በሩን ጨርሶ ይዘጋል። ለምሳሌ ብሪታንያ ከጁላይ 22 ቀን 2025 ጀምሮ የአረጋውያንና የሕሙማን ተንከባካቢ ሠራተኞችን ከውጭ በአዲስ መቅጠርን አቁማለች፤ ለሌሎች ባለሙያዎችም የሥራ ደረጃውን ወደ ዲግሪ፣ አጠቃላይ የደመወዝ ወለሉን ወደ 41,700 ፓውንድ ከፍ አድርጋለች። እንዲህ ያለ ለውጥ ሲመጣ በዚያ መንገድ አንድ ብር እንኳ መጨመር አያስፈልግም። «እኛ ግን መንገዱን እናውቃለን» የሚል ሰው ካጋጠመዎት ንግግሩን እዚያው ያቁሙ።

ሁለተኛው ዓይነት በሩን ክፍት ትቶ ሚዛኑን ይለውጣል። ካናዳ ማርች 25 ቀን 2025 ለሥራ ቅጥር ደብዳቤ ትሰጠው የነበረውን 50 ወይም 200 ተጨማሪ ነጥብ አንሥታለች፤ ከምክንያቶቹ አንዱ ደብዳቤው በገንዘብ መሸጡ ነበር። ይህ ለውጥ ተመዝግበው ግብዣ የሚጠብቁትን ሁሉ ሲነካ፣ አስቀድመው የተጋበዙትንና ማመልከቻቸውን ያስገቡትን ግን አልነካም። በዚህ ጊዜ የሚያስፈልገው ነጥብን እንደገና ማስላት ነው። ሦስተኛው ዓይነት ቁጥርን ብቻ ይቀንሳል፦ ካናዳ ለ2025 አስባው የነበረውን 500,000 ቋሚ ነዋሪ ወደ 395,000 አውርዳለች፤ ለክፍለ ግዛቶች ምርጫ የተያዘው ደግሞ ከ110,000 ወደ 55,000 ወርዶ፣ ለ2026 እንደገና ወደ 91,500 ተመልሷል። ቁጥር ሲቀንስ ሕጉን የሚያሟላ ሰው ብቁነቱ አይቀርም፤ ወረፋው ይረዝማል እንጂ። ስለዚህ ሰነዱን ሕያው አድርጎ የጠበቀ ሰው ቁጥሩ ሲመለስ ይደርሳል።

ሁለተኛ እርምጃ፦ ጊዜ የማያልፍባቸውን ሰነዶች አሁኑኑ ይጨርሱ

ከዚህ በታች የምዘረዝራቸው ነገሮች ለካናዳም፣ ለአውስትራሊያም፣ ለጀርመንም ያገለግላሉ። የአንዱ አገር ሕግ ቢለወጥ እንኳ ለእነዚህ የወጣው ጊዜና ገንዘብ አይባክንም፤ ስለዚህ በዚህ እርምጃ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ።

በመጀመሪያ የትምህርት ማስረጃ። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በወጪ መጋራት የተማረ ሰው ብዙ ጊዜ በእጁ የሚገኘው ጊዜያዊ ዲግሪው ነው። ዋናውን ዲግሪና ኦፊሻል ትራንስክሪፕቱን ለማግኘት የወጪ መጋራት ዕዳውን መክፈሉን ማስረዳት ይኖርበታል። ዕዳው በየወሩ ከደመወዝ የሚቆረጥ ከሆነ ቀሪውን በአንድ ጊዜ ከፍሎ ክሊራንስ መውሰድ ይሻላል። የትምህርት ማስረጃን አቻነት የሚገመግሙት የካናዳ ተቋማት ትራንስክሪፕቱ ከሬጅስትራር በቀጥታ በታሸገ ፖስታ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲላክ ስለሚጠይቁ፣ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳም ተማሩ ፖሊ ወይም ሌላ ግቢ፣ ሬጅስትራሩ የሚሠራበትን ቅጽና የሚወስደውን ጊዜ አስቀድመው ይጠይቁ። የምረቃ ሰሞንና የአዲስ ተማሪዎች ምዝገባ ወቅት ለዚህ ጉዳይ የሚመረጡ አይደሉም። የግል ኮሌጅ ተመራቂ ከሆኑ ማስረጃው በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የተረጋገጠ መሆኑን ያጣሩ።

ቀጥሎ ስም። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የራስ ስም፣ የአባት ስምና የአያት ስም ነው ያለን። ፓስፖርቱ ሦስቱንም ይዞ ዲግሪው ሁለቱን ብቻ ሊይዝ ይችላል፤ አንዱ ወረቀት «ፀሐይ» የሚለውን በላቲን ፊደል በአንድ መንገድ፣ ሌላው በሌላ መንገድ ሊጽፈው ይችላል። የከተማችን ስም እንኳ በአንዳንድ ሰነድ ላይ «ባሕር»፣ በሌላው «ባሃር» ተብሎ ይነበባል። መለኪያዎ ፓስፖርቱ ይሁን። የልደት ምስክር ወረቀቱን፣ የጋብቻ ወረቀቱን፣ የልምድ ደብዳቤውንና የባንክ ደብዳቤውን ሁሉ ከፓስፖርቱ ፊደል ጋር አንድ በአንድ ያስተያዩ፤ የማይስማማውን ከአውጪው ተቋም ያስተካክሉ፤ ሊስተካከል የማይችል ከሆነ ሁለቱም ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚያስረዳ ሕጋዊ ማረጋገጫ ያዘጋጁ።

የቀን ልዩነት ከስም ልዩነት ያነሰ ቢመስልም አሳስቶ የሚጥለው ሰው ብዙ ነው። በእኛ አቆጣጠርና በአውሮፓውያኑ መካከል ያለው ልዩነት ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ 8 ዓመት ነው። በጥር 1985 ዓ.ም. የተወለደ ሰው በ1993 እንጂ በ1992 አልተወለደም፤ ሁልጊዜ 7 እየደመረ ቅጽ የሚሞላ ጸሐፊ ግን 1992 ብሎ ይጽፍለታል። በልምድ ደብዳቤ ላይ እንዲህ ያለ ስሕተት ሲገባ የአንድ ዓመት ልምድ ከየትም ይመጣል፣ ወይም ይጠፋል፤ መርማሪው ይህን ሲያይ የሚያስበው ስለ ቀን መቁጠሪያ ልዩነት ሳይሆን ስለ አመልካቹ እውነተኛነት ነው።

የልምድ ደብዳቤው ራሱ ከሁሉ የከበደ ሥራ ነው። በአገራችን የተለመደው ደብዳቤ «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን በዚህ የሥራ መደብ አገልግለዋል፤ የወር ደመወዛቸው ይህን ያህል ነው፤ የሥራ ግብርም ተቆርጧል» ብሎ በአንድ ገጽ ያበቃል። ለካናዳና ለአውስትራሊያ ይህ አይበቃም፤ ዋና ዋና ተግባራቱ፣ የሳምንቱ የሥራ ሰዓት፣ ደመወዙ፣ የፈራሚው ኃላፊነትና የመገናኛ አድራሻው መካተት አለባቸው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከተለመደው ቅጽ መውጣት ሊከብደው ስለሚችል፣ እኔ የተጠቀምሁበት ዘዴ የሰው ሀብት ክፍሉን የሥራ መደቡን ዝርዝር መግለጫ ለብቻው በማኅተም አስደግፎ እንዲሰጠኝ መጠየቅ ነበር፤ የቅርብ አለቃዬም በተቋሙ ራስጌ ላይ ተግባሮቼን ጽፈው ፈርመውልኛል። ከዚህ ጋር የቅጥር ደብዳቤ፣ የደመወዝ ማስረጃና የጡረታ መዋጮ መዝገብ ይያያዝ። ተግባራቱን ከካናዳ የሙያ ዝርዝር ቃል በቃል መገልበጥ ግን ጥርጣሬን ይጋብዛል፤ በእውነት የሠሩትን ይጻፉ።

በቤተ ክርስቲያን ወይም በሽምግልና የተፈጸመ ጋብቻ ካለዎት በቀበሌ ወሳኝ ኩነት ያስመዝግቡ። ልጆችም፣ አብረው የማይሄዱትና ከሌላ ሰው የተወለዱት ጭምር፣ አንድ ሳይቀር በማመልከቻው ላይ ይጠቀሱ። በካናዳ ሕግ ወላጁ ቋሚ ነዋሪ ሲሆን ያልተገለጸና ምርመራ ያላለፈ ልጅ በኋላ በቤተሰብ መንገድ እንዳይመጣ ይከለከላል። ይህን ባለማወቅ ከልጃቸው የተለያዩ ወላጆች ስላሉ ደግሜ እላለሁ፦ ሁሉንም ይግለጹ።

ሦስተኛ እርምጃ፦ ጊዜ የሚያልፍባቸውን በቅደም ተከተል ያስይዙ

የአይኤልትስና የፈረንሳይኛ ፈተና ውጤት ለካናዳ ሁለት ዓመት ያገለግላል። ለካናዳ የሚደረገው የትምህርት አቻ ግምገማ አምስት ዓመት፣ የኤክስፕረስ ኢንትሪ መዝገብ አሥራ ሁለት ወር፣ የአውስትራሊያው የፍላጎት መግለጫ ሁለት ዓመት ይቆያል። እንግዲህ ቅደም ተከተሉ ራሱን ያሳያል፦ አቻ ግምገማው ይቅደም፤ ፈተናው የሚወሰደው ሌላው ሁሉ ተሟልቶ መዝገቡን በዚያው ሳምንት መክፈት ሲቻል ነው። እነዚህን የማብቂያ ቀኖች በአንድ ወረቀት ላይ በሁለቱም አቆጣጠር ጽፈው ግድግዳ ላይ ይለጥፉ።

ስለ አይኤልትስ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። በዩኒቨርሲቲ አካባቢ ያለን ሰዎች ለነጻ የትምህርት ዕድል ስንል አካዳሚክ የሚባለውን መፈተን ለምደናል፤ ኤክስፕረስ ኢንትሪ ግን የሚቀበለው ጄነራል ትሬኒንግ የሚባለውን ነው። የአውስትራሊያ ቪዛ ሁለቱንም ይቀበላል።

አራተኛ እርምጃ፦ ነጥብዎን እንደገና ያስሉ

አንድ የ33 ዓመት ያላገባ የባሕር ዳር መሐንዲስ የመጀመሪያ ዲግሪና የአምስት ዓመት ልምድ አለው እንበል። በአይኤልትስ በአራቱም ክፍሎች 6 ካመጣ በካናዳ ስሌት ከዕድሜ 88፣ ከትምህርት 120፣ ከቋንቋ 68፣ ከትምህርትና ከቋንቋ ጥምር 13፣ ከልምድና ከቋንቋ ጥምር 25፣ በድምሩ 314 ያገኛል። ይኸው ሰው በማዳመጥ 8፣ በሌሎቹ ሦስቱ 7 ቢያመጣ ድምሩ 407 ይሆናል። በሌላ ምንም ሳይለወጥ፣ በእንግሊዝኛ ብቻ፣ 93 ነጥብ ጨመረ ማለት ነው። ስለዚህ ከ6 ወደ 7 የሚያደርሱትን የጥናት ወራት ማንም ሊነፍገው አይገባም። ያም ሆኖ ጃንዋሪ 2024 የተደረገው አጠቃላይ ዙር 546 ላይ ስለተቆረጠ 407 ብቻውን አያደርስም፤ ለዚህም ነው የሚቀጥለው እርምጃ የሚያስፈልገው። ዕድሜ ደግሞ ከ30 በኋላ በየዓመቱ 5 ወይም 6 ነጥብ፣ ከ40 በኋላ 11 ነጥብ እየቀነሰ 45 ላይ ባዶ ይሆናል።

ያገባችሁ ከሆነ ስሌቱን ሁለት ጊዜ ሥሩት፤ አንድ ጊዜ ባል፣ ሌላ ጊዜ ሚስት ዋና አመልካች ሆነው። በእኛ ዘንድ ዋና አመልካቹ ባል እንደሚሆን ሳይታሰብ የሚወሰድ ነገር ነው፤ ነገር ግን በፈለገ ሕይወት ወይም በጥበበ ግዮን ሆስፒታል የምትሠራ ነርስ ከመሐንዲስ ባሏ የተሻለ ዕድል ሊኖራት ይችላል። ካናዳ ከ2023 ክረምት ጀምሮ ለጤና ባለሙያዎች ለብቻቸው ዙር ስታደርግ ቆይታለች፤ ጁላይ 2023 የተደረገው አንዱ 463 ላይ ተቆርጧል።

አምስተኛ እርምጃ፦ ከሌሎቹ መንገዶች ለእርስዎ የሚሆነውን ይምረጡ

ፈረንሳይኛ። ከሁሉ አስቀድሜ የምመክረው ይህን ነው፤ ምክንያቱም አሠሪ መፈለግን አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው የራስን ጥረት ነው። ካናዳ ከኬቤክ ውጭ የሚሰፍሩ ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎችን ድርሻ ለ2025 ወደ 8.5 በመቶ ከፍ አድርጋለች፤ ለሚቀጥሉት ዓመታትም ከዚያ በላይ አቅዳለች። ማርች 21 ቀን 2025 በፈረንሳይኛ ዙር 7,500 ሰዎች ተጋብዘው መቁረጫው 379 ነበር። ከላይ ያነሣነው ባለ 407 መሐንዲስ ቴፍ ካናዳ ወይም ቲሲኤፍ ካናዳ ከሚባሉት ፈተናዎች በአንዱ በአራቱም ክህሎቶች በካናዳ የቋንቋ መለኪያ ሰባተኛውን ደረጃ ቢያገኝ፣ ለሁለተኛ ቋንቋ 12፣ በተጨማሪም 50 ነጥብ ተደምሮለት 469 ይሆናል፤ ከነጥቡ ይልቅ የሚጠቅመው ግን በፈረንሳይኛው ዙር የመወዳደር መብት ማግኘቱ ነው።

ሰባተኛው ደረጃ በአውሮፓውያን የቋንቋ መለኪያ ቢ2 ከሚባለው ጋር የሚቀራረብ ስለሆነ ቀላል አይደለም። ከምንም ተነሥቶ በሳምንት አሥር ሰዓት የሚያጠና ሰው ከአንድ ዓመት ተኩል በታች ይደርሳል ብዬ አልናገርም። የእኔ አስተማሪ ቀድሞ የፈረንሳይ እንግዶችን ወደ ዘጌ፣ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት በጀልባ ይወስድ የነበረ አስጎብኚ ነው፤ ጎብኚ በጠፋባቸው ዓመታት እኔንና ሌሎች አራት ሰዎችን በሳምንት ሦስት ምሽት በሐይቁ ዳር አስተምሮናል። በከተማችን ፈረንሳይኛ የሚችል ሰው የለም ከማለታችሁ በፊት አስጎብኚዎቹን ጠይቁ። መናገርና ማዳመጥ ከሰው ጋር እንጂ በስልክ ብቻ አይለመድም፤ መጻፍን ደግሞ የሚያርም ሰው ያስፈልጋል። ለፈተናው ከከተማ መውጣት ግድ ስለሆነ የጉዞውን ወጪ ከወዲሁ ያስቡ።

ክፍለ ግዛቶችና ትንንሽ ከተሞች። አንድ የካናዳ ክፍለ ግዛት ሲመርጥዎት በኤክስፕረስ ኢንትሪ ላይ 600 ነጥብ ይጨመራል፤ ይህም ግብዣን እንደማረጋገጥ ነው። ሆኖም ኮታው በተቀነሰበት በ2025 ክፍለ ግዛቶቹ ቅድሚያ የሰጡት አስቀድመው ካናዳ ውስጥ ለሚኖሩ ሰዎች ስለነበር፣ ከባሕር ዳር ሆኖ በዚህ ብቻ መታመን አይገባም፤ መዝገብ ከፍቶ መጠበቅ ግን አይጎዳም። በኒው ብራንስዊክ፣ በኖቫ ስኮሺያ፣ በፕሪንስ ኤድዋርድ ደሴትና በኒውፋውንድላንድና ላብራዶር የሚሠራው የአትላንቲክ መርሐ ግብር ደግሞ ከ2022 መጀመሪያ ጀምሮ ቋሚ ሆኗል። በእርሱ በኩል ነጥብ አይቆጠርም፤ ከተመዘገበ አሠሪ የቅጥር ደብዳቤ፣ ባለፉት አምስት ዓመታት ውስጥ የ1,560 ሰዓት የሥራ ልምድና መጠነኛ የቋንቋ ውጤት በዋናነት ይጠየቃሉ፤ ማሳየት የሚገባው ገንዘብም የኤክስፕረስ ኢንትሪው ሩብ ያህል ነው። በጃንዋሪ 2025 በ14 ማኅበረሰቦች የተጀመረው የገጠር መርሐ ግብርም የሚሠራው በተመሳሳይ መንገድ ነው። አስቸጋሪው አሠሪውን ማግኘት ነው። የተመዘገቡትን አሠሪዎች ዝርዝር ክፍለ ግዛቶቹ ራሳቸው ያወጣሉ፤ ከዚያ ዝርዝር ውስጥ በሙያዎ የሚቀጥሩትን መርጠው በቀጥታ ይጻፉ፤ በአማላጅ አይደለም። ሠራተኛው ለቅጥሩ የሚከፍለው ገንዘብ የለም፤ ገንዘብ የተጠየቀበት ቅጥር ሐሰተኛ ነው ብሎ መነሣት ይሻላል።

አውስትራሊያ። 491 የሚባለው ቪዛ ከሲድኒ፣ ከሜልበርንና ከብሪዝበን ውጭ ባሉ አካባቢዎች ለአምስት ዓመት ያኖራል፤ ከሦስት ዓመት በኋላ 191 በሚባለው ወደ ቋሚነት ይሻገራል። መነሻው 65 ነጥብ ሲሆን የግዛት ድጋፍ 15 ይጨምራል። የ33 ዓመት፣ ያላገባ፣ ዲግሪና የስምንት ዓመት ልምድ ያለው፣ በአይኤልትስ በሁሉም 7 ያመጣ ሰው 25፣ 10፣ 15፣ 15 እና 10 ተደምረው 75፣ ከድጋፉ ጋር 90 ይደርሳል። ከ45 ዓመት በታች መሆን ግዴታ ነው። ግምገማው በየሙያው የተለየ ሲሆን፣ መሐንዲሶች ሦስት የሥራ ታሪኮችን በራሳቸው ቃል ጽፈው ለአውስትራሊያ የመሐንዲሶች ተቋም ያቀርባሉ፤ ከሌላ የተቀዳ ጽሑፍ ሲገኝ አመልካቹ ይታገዳል። የበጀት ዓመታቸው ጁላይ 1 ቀን ስለሚጀምር ግዛቶቹ የሚፈልጓቸውን ሙያዎች የሚያወጡትም ከዚያ ወዲህ ነው።

ጀርመን። እዚህ የሚገባው መጀመሪያ በጊዜያዊ ፈቃድ ነው፤ ቋሚው የሚከተለው በሥራ ነው፤ የጊዜው ርዝመት ግን አስቀድሞ የታወቀ ነው። በሰማያዊ ካርድ (ከፍተኛ ትምህርት ላላቸው ተቀጣሪዎች በሚሰጥ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ) የሚሠራ ባለሙያ በ27 ወር፣ ጀርመንኛው ቢ1 ከደረሰ ደግሞ በ21 ወር ለቋሚ ፈቃድ ያመለክታል። ሌላው ባለሙያ ከማርች 2024 ወዲህ በሦስት ዓመት፣ በጀርመን ዩኒቨርሲቲ ተመርቆ የተቀጠረ ሰው በሁለት ዓመት ማመልከት ይችላል። ከጁን 2024 ጀምሮ የሚሰጠው የዕድል ካርድ ለአንድ ዓመት ሥራ መፈለጊያ ነው፤ ዲግሪ ወይም የሁለት ዓመት የሙያ ሥልጠና፣ ጀርመንኛ በኤ1 ወይም እንግሊዝኛ በቢ2 ደረጃ፣ በካርዱ በራሱ የነጥብ ስሌት 6 ነጥብና በ2025 በወር 1,091 ዩሮ የሚሆን መተዳደሪያ ይጠይቃል። ዲግሪዎና ዩኒቨርሲቲዎ አናቢን በሚባለው የጀርመን መዝገብ ውስጥ እንዴት እንደተመዘገቡ መጀመሪያ ይመልከቱ። ለነርሶች ይህ መንገድ ከካናዳው የሚሻልበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ሆኖም ቋንቋውን እዚህ ሆነው ቢ1 ሳያደርሱ መሄድን አልመክርም።

ለካናዳ በትምህርት በኩል መሄድን ለብቻው ርዕስ አላደርገውም። ከጃንዋሪ 2024 ወዲህ የተማሪ ፈቃድ በኮታ ሆኗል፤ ከምረቃ በኋላ የሚሰጠው የሥራ ፈቃድም በኖቬምበር 2024 ጠብቋል። ሙሉ ነጻ የትምህርት ዕድል ካላገኙ በቀር የቤተሰብን ቤት ሸጦ ለዚህ መግባት የማያስተማምን ነገር ነው።

ስድስተኛ እርምጃ፦ ገንዘቡን በብር ብቻ አያስቡት

በ2025 አጋማሽ አንድ ሰው ለካናዳ የባለሙያዎች መርሐ ግብር ማሳየት ያለበት 15,263 የካናዳ ዶላር ነበር። ብሩ በጁላይ 2024 በገበያ እንዲተመን ሲደረግ አንድ የአሜሪካ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አልፏል፤ ለዓመታት ያጠራቀሙትን በብር ይዘው የነበሩ ሰዎች መለኪያው ከእጃቸው ሸሽቷል። ስለዚህ ከሚጠየቀው በላይ ትርፍ ይያዙ፤ ውጭ ያለ ዘመድ የሚረዳ ከሆነም ስጦታ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ከነዝውውሩ ማስረጃ ያቆዩ። ቤት፣ ቦታና መኪና አይቆጠሩም፤ ብድርም አይቆጠርም። የባንኩ ደብዳቤ ሒሳቡ የተከፈተበትን ቀን፣ የአሁኑን ቀሪና ያለፉትን ስድስት ወራት አማካይ መያዝ ስላለበት በመጨረሻው ሳምንት የገባ ገንዘብ ጥያቄ ያስነሣል። ከዚህ ውጭ ለማመልከቻና ለቋሚ ነዋሪነት መብት በአንድ አዋቂ ሰው ከኤፕሪል 30 ቀን 2024 ጀምሮ በተሠራበት ተመን 1,525፣ ለአሻራ ደግሞ 85 የካናዳ ዶላር ይከፈል ነበር።

ሰባተኛ እርምጃ፦ ማንን እንደሚያምኑ ይወስኑ

ከአምስት ዓመት በፊት አንድ ደላላ «ነጥብ የማይጠይቅ መንገድ» ብሎ ከአንድ የቅርብ ጓደኛዬ ከአንድ ዓመት ደመወዙ በላይ ወስዶ ሐሰተኛ የቅጥር ደብዳቤ ሰጠው። ጓደኛዬ ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን ጊዜውንም አጣ፤ የካናዳ ሕግ ሐሰተኛ ሰነድ ያቀረበን ሰው፣ ሰነዱን ሌላ ሰው ቢያዘጋጀውም፣ ለአምስት ዓመት ያግዳልና። ለካናዳ በክፍያ መወከል የሚችሉት ጠበቆችና በኢሚግሬሽንና ዜግነት አማካሪዎች ኮሌጅ የተመዘገቡ አማካሪዎች ናቸው፤ የኮሌጁ መዝገብ ለሕዝብ ክፍት ስለሆነ ስሙን ፈልጎ ማግኘት ደቂቃ አይፈጅም። መዝገቡን በራስዎ ኢሜይል ይክፈቱ፤ የይለፍ ቃሉን ለማንም አይስጡ፤ በስምዎ የተሞላውን እያንዳንዱን መስመር ያንብቡ።

ስምንተኛ እርምጃ፦ ግብዣው ሲመጣ

የካናዳ ግብዣ ከመጣበት ቀን ጀምሮ ሙሉ ማመልከቻውን ለማስገባት 60 ቀን ብቻ አለ። ከኦገስት 21 ቀን 2025 ወዲህ የሕክምና ምርመራው ከማመልከቻው ጋር አብሮ መግባት ስላለበት፣ ምርመራው በአዲስ አበባ በተፈቀደላቸው ሐኪሞች፣ የፖሊስ ማስረጃውም በፌዴራል ፖሊስ፣ በአንድ ጉዞ እንዲያልቁ ቀጠሮዎቹን ያቀራርቡ። መንገዱ በሚዘጋበት ሰሞን ያለው አማራጭ አውሮፕላን ነውና የቲኬቱን ገንዘብ ለብቻው ያስቀምጡ። ከስድስት ወር በላይ የኖሩበት ሌላ አገር ካለ የዚያን አገር የፖሊስ ማስረጃ ግብዣው ሳይመጣ ያስጀምሩ። ፓስፖርቱ ሊያልቅ ከሁለት ዓመት በታች የቀረው ከሆነም እድሳቱን ለግብዣው ወቅት አያቆዩት።

በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ ግብዣ በኢሜይል መጥቶላቸው ዘግይተው ያዩ ሰዎች ነበሩ። ስለዚህ የገመድ ኢንተርኔት ያለው መሥሪያ ቤት ወይም ተቋም ከወዲሁ ይለዩ። የሰነዶቹን ቅጂ በፍላሽ ይያዙ፤ ሁለተኛ ቅጂ አዲስ አበባ ላለ እኅት ወይም ወንድም ይስጡ። ወደ መዝገቡ ሲገባ የሚጠየቀው ማረጋገጫ ኮድ ያለ ኢንተርኔት በሚሠራ መንገድ እንዲደርስዎት ያስተካክሉ። ግንኙነቱ ከተቋረጠ ግን ያ ወንድም ወይም ያቺ እኅት በየሳምንቱ ሰኞ በመደበኛ ስልክ እየደወሉ በይፋዊው ገጽ ላይ አዲስ ዙር መኖሩንና መቁረጫውን እንዲነግሩዎት አስቀድመው ተስማሙ፤ መቁረጫው ከነጥብዎ በታች ሆኖ ከሰሙ በዚያው ቀን ኢንተርኔት ወዳለበት ይሂዱ።